የመርዶ ሌሊት ትኬት፦ የረጅም በረራ ዋጋ እንዴት ይወሰናል?

መርዶ ከመነገሩ በፊት ትኬት ይፈለጋል። ውጭ አገር የምንኖር ሰዎች ይህን ቅደም ተከተል እናውቀዋለን። አባት አዲስ አበባ ያርፋሉ። ልጅ ሜሪላንድ ውስጥ ምንም ሳይሰማ ተኝቷል። ወዳጆች ሌላ ሰው ቤት ተሰብስበው በረራ ይፈልጋሉ። ሚስት የባሏን ፓስፖርት ከመሳቢያ በቀስታ አውጥታ ፎቶ አንስታ ትልካለች። ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎች በር ያንኳኳሉ።

ባለፈው ዓመት እንዲህ ያለ አንድ ሌሊት ላይ ላፕቶፑ የነበረው እኔ ፊት ነው። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ደርሶ መልስ፣ በማግስቱ የሚነሳ፣ ለአንድ ሰው 2,180 ዶላር አለ። ከወር በፊት ቢገዛ 1,250 አካባቢ የምናገኘው ትኬት ነው። እሺ ብለን ልንከፍል ስንል አንዱ "ታናሽ ወንድሙስ?" አለ። እውነቱን ነው፤ ሁለት ናቸው። ለሁለት ሰው ብዬ እንደገና ፈለግኩ። ዋጋው ለእያንዳንዳቸው 2,640 ሆነ። ደንግጬ ወደ አንድ ሰው ስመልሰው 2,180ው ተመልሶ መጣ። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ተቆጡ። "በሰው ሐዘን ይነግዳሉ" አለች አንዲት እናት።

ያቺ ዓረፍተ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣችም። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ለመረዳት ብዙ አነበብኩ። ትኬት ቢሮ የሚሠሩ ወዳጆቼንም ጠየቅኩ። የገባኝን ላካፍላችሁ።

ከቲማቲም ልጀምር። አትክልት ነጋዴ ሲመሽ ቲማቲሙን ያረክሳል። ካደረ ይበላሽበታል። የአውሮፕላን ወንበርም ይበላሻል፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ ባዶ የቀረ ወንበር ለማንም አይሸጥም። ነዳጁ ተቀድቷል፤ የአብራሪዎቹም የአስተናጋጆቹም ደመወዝ ያው ነው። በቲማቲሙ ሒሳብ ከሄድን አየር መንገድም መጨረሻ ሰዓት ላይ ማርከስ ነበረበት። ግን ያስወድዳል። ምክንያቱም ማታ አትክልት ቤት የሚመጣው ሰው ርካሽ ፈልጎ የሚመጣ ነው። በመጨረሻ ሰዓት ትኬት የሚፈልገው ሰው ደግሞ ግድ የሆነበት ነው። ግድ የሆነበት ሰው የተባለውን ይከፍላል።

አየር መንገድ ይህን ስለሚያውቅ ወንበሮቹን ሁሉ በአንዴ ለገበያ አያወጣም። በኢኮኖሚ ክፍል ያሉት ወንበሮች ለዓይን አንድ ናቸው፤ ምግቡም አንድ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ግን በፊደል ተከፋፍለዋል። ዋይ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ውዱ ነው። ቀን ለመቀየርም ገንዘብ ለማስመለስም ይቀላል። ከሱ በታች ቢ፣ ኤም፣ ኤች፣ ኬ፣ ኤል፣ ኪው እያለ ይወርዳል። ቅደም ተከተሉ እንደየአየር መንገዱ ይለያያል። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ዋጋና የራሱ ደንብ አለው። አንዱ ከ14 ቀን በፊት ካልተገዛ አይሸጥም ይላል። ሌላው ከ3 ወር በላይ ተቀምጠህ መመለስ አትችልም ይላል። ዋጋና ደንቡን ከአየር መንገዶች ሰብስቦ በየቦታው ለሚገኙ ሻጮች የሚያሰራጭ አትፕኮ የሚባል ድርጅት አለ። መሥሪያ ቤቱ ያለው እኛ ሰው ልንሸኝ በምንመላለስበት በዋሽንግተኑ ዳለስ ኤርፖርት አካባቢ ነው። ብዙዎቻችን በደጁ ስናልፍ ኖረናል።

እንግዲህ "ትኬት ጨመረ" ስንል አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ዋጋ ተጽፎ አይደለም። ርካሹ ፊደል ተዘግቶ ቀጣዩ ላይ ደርሰናል ማለት ነው። ትኬት ቢሮ ደውላችሁ "ኤል አልቋል፣ ኤች ላይ ነው ያለው" ስትባሉ ይኸው ነው።

የሁለቱ ወንድማማቾች ነገርም እዚህ ላይ ይፈታል። በ2,180ው ፊደል የቀረው አንድ ወንበር ብቻ ነበር። ለሁለት ሰው ሲጠየቅ ሲስተሙ ሁለቱንም አንድ ላይ የሚያስቀምጥበትን ፊደል ይፈልጋል። ያገኘው ከፍ ያለውን ነው። አንዱን በርካሹ ሌላውን በውዱ አድርጎ አያቀርብም። ለአምስት ቤተሰብ ትኬት የምትፈልጉ ሰዎች ይህን ልብ በሉ። መጀመሪያ ለአንድ፣ ከዚያ ለሁለት፣ ከዚያ ለሦስት እያላችሁ ሞክሩ። ዋጋው የሚዘልበት ቦታ ይታያል። ሦስቱን በርካሹ፣ ሁለቱን በቀጣዩ መግዛት የጥቂት መቶ ዶላር ልዩነት ሊያመጣ ይችላል። ግን ልጆችን ያለ አዋቂ ለብቻ ትኬት አትቁረጡ። ከዚያም አየር መንገዱ ሁለቱን ቡኪንግ እንዲያያይዝላችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። በረራ ሲሰረዝ ሁለት የማይተዋወቁ ቡድኖች እንዳትሆኑ ነው።

ይህን አሠራር ማን ጀመረው? የሒሳቡ መሠረት ከ1972 ነው። ኬን ሊትልውድ የሚባል የቦአክ ባለሙያ አንድ ቀላል ደንብ አወጣ። ቦአክ የዛሬው ብሪቲሽ ኤርዌይስ ቀዳሚ ነው። ርካሹ ወንበር 900፣ ውዱ 1,800 ዶላር ነው እንበል። ዛሬ በ900 የሚጠይቅ ሰው መጣ። ወንበሩን ይሸጥለት ወይስ ይያዝ? በ1,800 የሚገዛ ሰው ኋላ የመምጣቱ ዕድል ከግማሽ ከበለጠ ይያዝ፤ ካነሰ ይሸጥ። በቃ፣ ይኸው ነው። ዛሬ ያለው የተወሳሰበ ሶፍትዌር ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የተወለደ ነው።

ጥያቄው ትልቅ ንግድ የሆነው ግን አሜሪካ ውስጥ ነው። በ1978 የወጣ ሕግ የአገር ውስጥ ትኬት ዋጋን መንግሥት መተመኑ እንዲቀር አደረገ። በ1981 ፒፕል ኤክስፕረስ የሚባል ርካሽ አየር መንገድ ከኒውዋርክ መብረር ጀመረ። ትልልቆቹ ደነገጡ። እንደሱ ሁሉንም ወንበር ቢያረክሱ ይከስራሉ። በጃንዋሪ 1985 በሮበርት ክራንዳል የሚመራው አሜሪካን አየር መንገድ መልስ ሰጠ። የተወሰኑ ወንበሮችን ብቻ እንደ ፒፕል ኤክስፕረስ አረከሰ። ከዚያ ርካሹን ወንበር የሥራ ሰው እንዳይገዛው አጥር አጠረለት። ቀደም ብሎ መግዛት ግድ ነው። በመሄጃና በመመለሻው መካከልም የቅዳሜን ሌሊት እዚያው ማደር ያስፈልጋል። የኩባንያ ሰው ቅዳሜን ቤተሰቡ ጋር መሆን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ውዱን ይገዛል። ፒፕል ኤክስፕረስ አልቻለም። በ1987 ኮንቲኔንታል በሚባል ሌላ አየር መንገድ ውስጥ ተዋጠ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ይህ ሒሳብ ሲሠራ በመጨረሻ ሰዓት የሚመጣው ሰው ማን ነው ተብሎ ታሰበ? ከረባት ያሰረ፣ ስብሰባ የተጠራ፣ ትኬቱን ኩባንያ የሚከፍልለት ሰው ነው። በእኛ መስመርስ ነገ ልብረር የሚለው ማን ነው? ለቅሶ የሚደርስ ልጅ ነው። እናቷ ሆስፒታል የገባችባት ነርስ ናት። ቀን ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ታክሲ እየሠራ ቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ነው። ኮምፒውተሩ እንባን ከስብሰባ አይለይም። ለሁለቱም ያው ፊደል ይከፍታል። ያቺ እናት "በሰው ሐዘን ይነግዳሉ" ስትል ከሰዎቹ ሐሳብ ይልቅ ውጤቱን ነበር የተናገረችው። በውጤቱ ልክ ናት።

የሐዘን ቅናሽ የሚሰጡ አየር መንገዶች ግን አሉ። አየር ካናዳ አንዱ ነው። ቅናሹ በድረ ገጽ ላይ ከሌሎቹ ዋጋዎች ጋር ተደርድሮ አይገኝም። ደውሎ መጠየቅ፣ የሟችን ስምና ዝምድና መናገር፣ ማስረጃ ማቅረብ ይጠይቃል። አንዳንዴ ከተለመደው ርካሽ ትኬት ሊወደድ ይችላል። የመጨረሻ ሰዓት ትኬት ላይ ግን የሚረዳበት ጊዜ አለ። መጠየቅ ደግሞ ነውር አይደለም።

ወደ መስመራችን እንምጣ። ብዙ ሰው ዋጋ በርቀት የሚወሰን ይመስለዋል። ርቀት ወጪን ይወስናል፤ ዋጋን የሚወስነው ግን ተፎካካሪ ነው። በአሜሪካና በአዲስ አበባ መካከል ሳትወርዱ፣ አውሮፕላን ሳትቀይሩ የሚያደርሳችሁ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ብቻ ነው። ሌሎቹ በዱባይ፣ በዶሃ፣ በኢስታንቡል፣ በፍራንክፈርት ወይም በካይሮ ያዞሯችኋል። አራስ ልጅ ለያዘች እናት፣ እንግሊዝኛ ለማይችሉ አያት፣ ቀጥታው ከገንዘብ በላይ ነው። አየር መንገዱም ይህን ያውቃል።

አሁን ከዋሽንግተን ናይሮቢ የሚሄድ ሰው አስቡ። ለሱ አዲስ አበባ ከብዙ መቀየሪያዎች አንዷ ናት። በአምስተርዳምም፣ በዶሃም መሄድ ይችላል። ስለዚህ እሱን ለማግኘት ዋጋ መቀነስ ያስፈልጋል። ከናንተ ጎን ተቀምጦ አዲስ አበባ ድረስ አብሯችሁ የሚሄደው፣ ከዚያም ሌላ አውሮፕላን የሚሳፈረው ሰው ከናንተ ያነሰ ሊከፍል የሚችለው በዚህ ነው። "ታዲያ የናይሮቢ ቆርጬ አዲስ አበባ ብወርድስ?" የሚሉኝ ወጣቶች አሉ። አታድርጉት። ሻንጣችሁ ናይሮቢ ይገባል። አንዱን በረራ ስትዘሉ መመለሻችሁም ይሰረዛል። ይህን ዘዴ የሚያሳየውን ስኪፕላግድ የሚባል ድረ ገጽ አሜሪካን አየር መንገድ ከስሶት ነበር። በኦክቶበር 2024 የቴክሳስ ዳኞች ጉባኤ ስኪፕላግድ 9.4 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወስኗል።

በነገራችን ላይ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ስንሄድ በቀጥታ፣ ስንመለስ መንገድ ላይ ለነዳጅ የምናርፈው ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ነው። አየሩ ስስ ነው። ከባድ አውሮፕላን በሙሉ ነዳጅና በሙሉ ሰው መነሳት ይቸግረዋል።

ተፎካካሪውን ካያችሁ በኋላ ቀኑን እዩ። እኛ ሁላችንም በአንድ ጊዜ እንሄዳለን። ጁን ላይ ትምህርት ሲዘጋ እንጎርፋለን፤ ኦገስት መጨረሻ እንመለሳለን። ከዲሴምበር አጋማሽ ጀምሮ ለገና እንነሳለን፤ ጥምቀትን አይተን እንመለሳለን። ፋሲካ ቀኑ ይዘዋወራል፤ በ2026 ኤፕሪል 12፣ በ2027 ሜይ 2 ነው። አየር መንገዱ ይህን የቀን መቁጠሪያ ከኛ በፊት አስልቶ ርካሾቹን ፊደሎች ዘግቶ ይጠብቃል። ከጥምቀት በኋላ ያሉት ሳምንታት፣ ከዚያም ኦክቶበርና የኖቬምበር መጀመሪያ ላላ ያሉ ናቸው። ለጁን ወይም ለገና ከሆነ ከአራት፣ ከአምስት ወር በፊት ጀምሮ ማየት ይሻላል። መነሻውን ከዓርብና ቅዳሜ ወደ ማክሰኞና ረቡዕ ማዞርም ይረዳል። የጉግል ፍላይትስ የቀን ሰንጠረዥ ይህን በአንድ ገጽ ያሳያል። እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ከዚያ ነው።

አቅጣጫም አለው። ጁን ላይ ከዋሽንግተን የሚነሳው ይሞላል፤ ከአዲስ አበባ የሚነሳው ያን ያህል አይደለም። እናትን ለአራስ ጥየቃ ማምጣት ያሰበ ሰው ይህን ይጠቀምበት። ግን እናት ቶሎ አትመለስም። ቪዛዋ ብዙ ጊዜ 6 ወር ያስቀምጣታል፤ የልጅ ልጇን ትታ በ3 ወር አትሄድም። ርካሹ ትኬት ደግሞ የመቆያ ገደብ ሊኖረው ይችላል። ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ "እስከ ስንት ወር ያቆያል? ቀን ለመቀየር ስንት ነው?" ለዚህ ዓይነቱ ትኬት ከድረ ገጽ ይልቅ ጥሩ ትኬት ቢሮ እመርጣለሁ። እነሱ ለሕዝብ የማይታይ የቢሮ ዋጋ የሚያገኙበት ጊዜ አለ። ደንቡንም በአማርኛ ያስረዷችኋል።

"ማክሰኞ እኩለ ሌሊት ግዛ" የሚለውን ምክር ግን እርሱት። ዋጋ በማንኛውም ሰዓት ይቀየራል። "ደጋግመህ ስትፈልግ ያዩህና ይጨምሩብሃል" የሚለውም ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሆነው ሌላ ሰው ቀድሟችሁ የመጨረሻዋን ወንበር መውሰዱ ነው። ወይም የፍለጋው ገጽ ያሳያችሁ ቆየት ያለ ዋጋ ነው፤ ልትከፍሉ ስትሉ እውነተኛው ይመጣል።

ፍርሃቱ ግን ከንቱ ነው አልልም። በጁላይ 2025 ዴልታ አየር መንገድ ከአገር ውስጥ በረራዎቹ 3 በመቶ ያህሉን ዋጋ በሰው ሠራሽ አስተውሎት እንደሚተምን፣ በዓመቱ መጨረሻም ወደ 20 በመቶ ለማድረስ እንደሚያስብ ተናገረ። ሶፍትዌሩ ፌቸር የሚባል የእስራኤል ኩባንያ ነው። የአሜሪካ ሴናተሮች "የእያንዳንዱን ሰው ኪስ እያያችሁ ልትተምኑ ነው ወይ?" ብለው ጻፉ። ዴልታ በግል መረጃ ለየሰው የተለያየ ዋጋ እንደማያወጣ መለሰ። መልሱ ጥሩ ነው። እኔ ግን ጥያቄው እንዲቀጥል እፈልጋለሁ። ማሽኑ ነገ የመርዶ ሌሊት ፍለጋችንን እንደ ጥሩ ገበያ ማንበብ ቢችል የሚከለክለው ምንድን ነው?

አዲስ አበባ ሆኖ የሚገዛው ሰው ደግሞ ሌላ ሸክም አለበት። የዓለም አቀፍ ትኬት መነሻው ዶላር ነው። ጁላይ 29 ቀን 2024 ብር በገበያ እንዲተመን ከመወሰኑ በፊት 1,000 ዶላር በባንክ ምንዛሬ 57 ሺህ ብር ገደማ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከ120 ሺህ ብር አልፏል። ትኬቱ በዶላር አንድ ሳንቲም ሳይጨምር በብር እጥፍ ሆነ። እናቱን በራሷ ገንዘብ ትምጣ ብሎ የሚጠብቅ ልጅ ይህን ይወቅ።

አሁን ደግሞ ርካሽ መስሎ የሚያስከፍለውን ነገር ላንሳ። ቀጥታው 1,250፣ በአውሮፓ የሚዞረው 1,110 ነው እንበል። 140 ዶላር አተረፍኩ ትላላችሁ። ሻንጣውን አይታችኋል? የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአሜሪካ መስመር በተለምዶ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይፈቅዳል። የአውሮፓዎቹ ርካሽ ትኬት ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ ጭራሽ የሌለውም አለ። ሁለተኛ ሻንጣ በአንድ ጉዞ 100 ዶላርና ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። እኛ ደግሞ ባዶ እጃችንን አንሄድም። ጫማው፣ መድኃኒቱ፣ የሰው ዕቃው አለ። ስንመለስ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ አለ። ሒሳቡ ተገለበጠ።

ሌላው ትራንዚት ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን፣ ማለትም የጋራ ቪዛ ባላቸው የአውሮፓ አገሮች ኤርፖርት ለማለፍ ብቻ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ነፃ ነው። ያም ሆኖ ለእናታችሁ በፍራንክፈርት ከመቁረጣችሁ በፊት አየር መንገዱን አረጋግጡ። ቦሌ ላይ ተመልሳ የቀረችን እናት አይቻለሁ። ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ "ምን አጠፋሁ?" ነበር የምትለው። ለንደን ያላችሁ ደግሞ ከትኬቱ ውስጥ ለመንግሥት የሚሄደውን እዩ። በኤፕሪል 2025 በወጣው ተመን አዲስ አበባ ለሚሄድ የኢኮኖሚ መንገደኛ ታክሱ 90 ፓውንድ ነበር። ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይከፍሉም።

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ጥሩ ሕግ አለ። በረራው ሊነሳ 7 ቀንና ከዚያ በላይ ከቀረው፣ ከአየር መንገዱ በቀጥታ የገዛችሁትን ትኬት በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት መሰረዝ ትችላላችሁ። አንዳንዶቹ በምትኩ ሳያስከፍሉ ለ24 ሰዓት ይይዙላችኋል። ስለዚህ ጥሩ ዋጋ ስታዩ "ባሌን ላማክር" ብላችሁ አትዝጉት። ቁረጡና አማክሩ። ከኦክቶበር 2024 ወዲህ ደግሞ አየር መንገዱ ራሱ የዓለም አቀፍ በረራችሁን በ6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ካዛወረው፣ አዲሱን ሰዓት ካልተቀበላችሁ ገንዘባችሁ ይመለሳል።

ወደዚያች ሌሊት ልመለስ። 7 ቀን የለንም። 24 ሰዓትም የለንም። ታላቁን በ2,180 ቆረጥነው። ለታናሹ 2,640 ልንከፍል ካርድ ስናዋጣ፣ ጥግ ይዞ ዝም ብሎ የተቀመጠ አንድ ልጅ "ማይልስ አለኝ" አለ። ለሥራ ሲመላለስ በዩናይትድ አየር መንገድ ያጠራቀመው፣ ትኬት የሚገዛ የበረራ ነጥብ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዲሴምበር 2011 ጀምሮ ዩናይትድም ያለበት ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ስለሆነ የዩናይትድ ማይልስ በሱም ይሠራል። ለማይልስ የሚከፈተው ወንበር የራሱ ፊደል አለው። ለገንዘብ ገዢ ርካሹ ፊደል ሲዘጋ ያኛው ክፍት ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ያን ሌሊት በዚያው በረራ አንድ ወንበር ነበረው። የከፈልነው ታክሱን ብቻ ነው።

ልጁ ማይልሱን ለሠርጉ ጉዞ ነበር ያጠራቀመው። ይህን የነገረችኝ እጮኛው ናት፤ እሱ አልተናገረም። ትኬቶቹን አትመን ስንጨርስ ሌሊቱ 10 ሰዓት ሆኖ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሱ። እኛም መኪና ልናሞቅ ወጣን።